ኮሮላዬ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ትታፈናለች፣ ጉልበት አጥታለች፤ የጎንደር ሰዎች እስኪ እርዱኝ

የአዘዞ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። 1.6 ቤንዚን ናት፣ ማንዋል። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ግን ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጅ ስረግጥ መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ቀጥላ ትንፈራገጣለች፣ ከዚያ ወይ ትነሳለች ወይ እንደታፈነች ትቀጥላለች። የሚገርመኝ እግሬን ግማሽ ድረስ ሳነሳላት ይሻላታል። እስከ መጨረሻው ስረግጣት ነው የሚብስባት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው የጀመራት። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፣ የአየር ፊልትሮም አዲስ ነው፣ ለውጥ የለም። ቼክ ኢንጂን አንዳንዴ ይበራና በራሱ ይጠፋል። ነዳጅ ሲያንሳት ደግሞ የባሰ ይመስለኛል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

አንዱ ጋራዥ «የነዳጅ ፓምፕ ነው» አለኝ። ሌላው «ኮምፒውተሯ ተበላሽቷል» አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ «አገሩ ከፍታ ስለሆነ ነው፣ ተለማመዳት» ብሎ መለሰኝ። ለጥምቀት እንግዶች አሉብኝ፣ ከኤርፖርት የማመላልሳቸው በእሷ ነው። ብር ከማውጣቴ በፊት ምን ላስመርምር?

ማርሽ_አራት
ወንድሜ አትድከም፣ ፓምፕ ነው። የእኔም ልክ እንዲህ ስትሆን ፓምፕ ቀየርኩላት፣ በዚያው ለቀቃት። ያገለገለ ኦርጅናል ፈልግ እንጂ አዲስ ቻይና እንዳትገዛ።

እህተ_ቀሃ
ፓምፕም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ማንም ሳይለካ «ይሄ ነው» ካለህ ግን ብርህን አታውጣ። እኔ የመኪና ቴክኖሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ሁሌ የምጨቀጭቃቸው በዚሁ ነው፤ እቃ መቀየር ምርመራ አይደለም። ሰው ደሞዙን አጠራቅሞ የገዛት መኪና ላይ በግምት ፓምፕ፣ በግምት ሴንሰር፣ በግምት ኮምፒውተር ሲቀየር ሳይ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

እስኪ መጀመሪያ ሞተሩ ነው የደከመው ወይስ መኪናዋን የያዛት ነገር አለ የሚለውን እንለይ። ዳገቱ ላይ ስትረግጥ የሞተሩ ድምፅና አርፒኤም (የሞተሩ ዙር) ወደ ላይ እየሄደ ፍጥነቷ ባለበት ከቀረ ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው፣ ሞተሩን አትንካው። ሌላው ፍሬን ነው። ጥቂት ከነዳህ በኋላ ፍሬን ሳትይዝ ቀስ ብላ እንድትቆም አድርጋትና እጅህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፣ እንዳትነካቸው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ሰው ሞተር እንዲያስፈታ አድርገዋል።

ሦስተኛ፣ ቼክ ኢንጂን በርቶ ያውቃል ካልክ ኮድ ተመዝግቦ ይሆናል። ስካነር ያለው ሰው ፈልግና አስነብብ። መብራቱ ጠፍቷል ብለህ አትተው፣ መብራቱ ቢጠፋም ኮዱ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ባትሪ እንዳታስነቅል ደግሞ፣ መረጃው ሁሉ ይጠፋል። ሲበራ ዝም ብሎ ይበራል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ይሄንንም ንገረኝ።

የመተማ_ሹፌር
እኔ ዶልፊን ነው የምነዳው፣ ናፍጣ ነው፣ ግን ስለ ከፍታው የተባለው ሐሰት አይደለም። ከመተማ ስነሳ መኪናው ይበራል፣ አይከልን አልፌ ወደ ጎንደር ስቃረብ ያው መኪና ይለግማል። ሁሌ የማየው ነገር ነው።

እህተ_ቀሃ
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ከፍታ ጉልበት ይወስዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው የፈረስ ጉልበት አንድ አምስተኛው እዚህ የለም። ደባርቅ ስትወጣ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነ ነው መኪናህ የሚበርልህ።

ግን ልብ በሉ፣ ከፍታ ያለው ጸባይ አንድ ነው። ጉልበቱን እኩል ነው የሚቀንሰው፣ ትናንትም ዛሬም ያው ነው። አያንፈራግጥም። ክረምት ሊወጣ ሲል አይጀምርም። ቼክ ኢንጂን አያበራም። ይህች መኪና ባለፈው ዓመት ያንኑ ዳገት በደህና ትወጣው ነበር፣ ዳገቱም ከፍታውም አልተለወጠም። «ተለማመዳት» ያለህ ሰው ሳይመረምር ነው የሸኘህ።

የአዘዞ_ልጅ
እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልሽውን አየሁ። አርፒኤሙ ራሱ ነው የማይወጣው፣ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ይታፈናል፣ ስለዚህ ፍሪሲዮን አይመስለኝም። ቸርኬዎቹም እኩል ናቸው። መብራቱ ዝም ብሎ ነው የሚበራው፣ ብልጭ ድርግም ሲል አላየሁም።

ኮዱን አንድ ጓደኛዬ በስልክ በሚሠራ ትንሽ ስካነር አነበበልኝ። ፒ0171 ይላል። ሌላ ምንም የለም።

አራዳ_ስፔር
ካንዴላውን ከየት ገዛኸው? እኔ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ፎርጅድ ካንዴላ ከተማውን ሞልቶታል፣ የታወቀ ስም ተጽፎበት ካርቶኑም ቁርጥ ኦርጅናል ይመስላል። ከፍተህ እየው። የሴራሚኩ ጽሑፍ በጣት ስትፈትገው የሚለቅ ከሆነ፣ ክሩ ሻካራ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረት መሐሉን ካልያዘ ተጠራጠር። የታወቁት የጃፓን ካንዴላዎች ቁጥራቸው መጨረሻ ላይ 11 ካለ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ በሚለካው ቀጭን ብረት ለካው። ክፍተቱ ሰፍቶ ከሆነ ስትረግጥ እሳቱ አይዘልም፣ ልክ አንተ እንደምትለው ያንፈራግጣል። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይልም እንደዚሁ ነው። ጭነት ሲበዛ ነው የሚጋለጠው።

እህተ_ቀሃ
ያልከው ጥሩ ነው፣ ካንዴላው ይታይ። አንድ ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ግን ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ያሉትን ኮዶች ነው የሚመዘግበው፤ የመጨረሻው ቁጥር የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይነግርሃል። ያን ጊዜ አራቱን ኮይል ከመግዛት የተጠረጠረውን ከጎረቤቱ ጋር ማቀያየር ነው። ኮዱ ተከትሎት ከሄደ ኮይሉ ነው፣ ባለበት ከቀረ ካንዴላ ወይም ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) ወይም ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) ነው። አምስት ሳንቲም አያስወጣም። መብራቱም ጠንከር ሲል ብልጭ ድርግም ይላል። ያ ከሆነ ደግሞ አትጫናት፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ (በጭስ መውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ) ውስጥ ገብቶ ያቀልጠዋል።

አሁን ወደ ኮድህ ልምጣ። ፒ0171 ማለት ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር አንሷል፣ ኮምፒውተሩ ሊጨምር ሞክሮ አቅሙ አልቋል ማለት ነው። «ፓምፕ ቀይር» አይልም፣ «ሴንሰር ቀይር»ም አይልም። ሦስት በር ይከፍትልሃል። አንደኛው፣ ሳይቆጠር የሚገባ አየር አለ፦ የተሰነጠቀ የአየር ጎማ፣ የወለቀ ቀጭን ቱቦ፣ የማኒፎልድ ጋስኬት። ሁለተኛው፣ በቂ ቤንዚን አይደርስም። ሦስተኛው፣ የሚገባውን አየር የሚቆጥረው ማፍ ሴንሰር ቆሽሾ ከእውነተኛው ያነሰ አየር ያወራል፣ ኮምፒውተሩም ያንን አምኖ ትንሽ ቤንዚን ይሰጣል።

ሦስቱን የሚለየው እዚያው ስካነር ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ ፊውል ትሪም ይባላል። አጭርና ረጅም የሚሉ ሁለት አሉ፣ ደምራቸው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሞተሩ ደስ ብሎታል። እስከ 10 በመቶ ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ በፕላስ ከሄደ ኮምፒውተሩ ያነሰውን ቤንዚን እየጨመረ ነው ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር መቼ እንደሚጨምር ማየት ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆማ ስትሠራ) ከፍ ብሎ አርፒኤም ሲጨምር የሚወርድ ከሆነ አየር እየሰረቀች ነው፤ ቀዳዳው ያው ሆኖ የሚገባው አየር ሲበዛ ስርቆቱ ይቀልላልና። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ላይ ወደ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ግን ወይ ቤንዚን አይደርሳትም ወይ ማፉ ይዋሻል።

ስለዚህ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ቁጥሩን ሦስት ቦታ ያዝልኝ፦ ሚኒሞ ላይ፣ ቆመህ 2,500 አርፒኤም ላይ፣ እና ዳገቱ ላይ። ዳገቱ ላይ አንተ ንዳ፣ ጓደኛህ ያንብብ። እየነዳህ ስልክ እንዳታይ፣ አደራ።

አያ_ቁልፍ
ልጆች፣ የምትሉትን ሳነብ ነበር። ይህች እህታችን የምትለውን ስሟት።

እኔ የምጨምረው ስለ ቁጥር ነው። ስካነር ከገባ ወዲህ ወጣት መካኒኮች ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ያ ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላለ አገር ነው የተጻፈው፤ ለጎንደር አይሆንም። በቅርብ አንድ ወጣት መኪና ይዞልኝ መጣ። ማፕ ሴንሰር (ከማፉ የተለየ፣ የአየር ግፊት የሚለካ) ያላት ናት። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ ሴንሰሩ 78 ኪሎፓስካል ያሳያል። «100 ማሳየት ነበረበት፣ ተበላሽቷል» ተብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው! የጎንደር አየር ግፊት ራሱ 78 አካባቢ ነው። ደባርቅ ብትወስዳት 71 አካባቢ ታሳያለች፣ መተማ ብትወርድ ወደ 93 ትጠጋለች። ጎንደር ላይ 100 የሚያሳይ ሴንሰር ካገኘህ ያኔ ነው መጠርጠር።

የቫኪዩም ጌጅም (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካው) እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ይላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ትቀንሳለህ፣ እዚህ ከ10 እስከ 14 ጤነኛ ነው። እኔ መርፌው የት ቆመ ከማለት ይልቅ ይንቀጠቀጣል ወይ የሚለውን ነው የማየው። ኮምፕሬሽንም መጽሐፉ 190 ፒኤስአይ ካለ እዚህ 150 ብታገኝ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቋል ብለህ ሞተር እንዳትፈታ። አራቱ ሲሊንደሮች ተቀራርበው ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ስንት ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት ያለ ጥፋቱ ተፈታ!

የመተማ_ሹፌር
አያ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎ። የናፍጣውስ? አንዳንዴ ዳገት ላይ ድክም ይልብኛል፣ ፊውል ትሪም የሚባል ነገር የለው።

አያ_ቁልፍ
ጭሱን እይ ልጄ። ሲደክም ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ናፍጣ አለ፣ አየር ነው ያነሰው፤ በዚያ በመተማ አቧራ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጣ። ቱርቦ ያለው መኪና ቢሆን ከቱርቦው ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦም እይ እልህ ነበር። ጭስ ሳያወጣ የሚደክም ከሆነ ናፍጣ አይደርሰውም፤ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ በእጅ በምትገፋት ትንሿ ፓምፕ በኩል አየር መሳቡ። ፊልትሮ በአየር ስታጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፋ። ከውጭ ከነፋኸው አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ትቀብረዋለህ።

የአዘዞ_ልጅ
አያ፣ እህቴ፣ ቁጥሮቹን ይዤ መጣሁ። ሚኒሞ ላይ ፕላስ 3። ቆመን 2,500 ላይ ፕላስ 6። ዳገቱ ላይ ስረግጣት ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ፕላስ 24 አነበበ፣ ወዲያው መንፈራገጥ ጀመረች። ካንዴላውንም ፈታሁት፣ ክፍተቱ 1.1 ነው፣ ጽሑፉም አይለቅም።

ማርሽ_አራት
አላልኩም? ፓምፕ!

እህተ_ቀሃ
ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። አሁን ያወቅነው አየር እንደማትሰርቅ ነው። ማፍ እና ነዳጅ ገና አልተለዩም።

ማፉ ቀላል ነው። ከአየር ፊልትሮው ቤት ቀጥሎ ያለ ሴንሰር ነው፣ በሁለት ብሎን ይፈታል። ውስጡ ፀጉር የመሰለች ቀጭን ሽቦ አለች። አቧራ ወይም የዘይት ቅባት ለብሳ ከሆነ አየሩን አሳንሳ ትቆጥራለች። ለዚሁ የተሠራ ስፕሬይ አለ፣ በእሱ ብቻ እርጨው። በጨርቅም፣ በብሩሽም፣ በጥጥም እንዳትነካት። ኮምፕሬሰር አየርም አይነፋባትም። በደንብ ሳይደርቅ መልሰህ አትግጠም።

ከዚያ ለውጥ ከሌለ የነዳጅ ግፊት ይለካ። እዚህ ላይ ነው ጋራዦቹ መጀመር የነበረባቸው። በዚህ ሞተር ግፊቱ ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል መሆን አለበት፣ በድሮው አባባል ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ። ቶዮታ ለጌጅ የተዘጋጀ መውጫ ስለሌለው በነዳጅ ቱቦው መሐል የሚገባ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) ያስፈልጋል። ቱቦው ከመፈታቱ በፊት የፓምፑ ሶኬት ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ይሥራ፣ አለበለዚያ ቤንዚኑ ፊት ላይ ይረጫል። ሲጋራም ብየዳም አጠገብ አይኑር።

እና ዋናው ነገር፣ ቆማ ብቻ አትለካ። ብዙ መካኒክ ሚኒሞ ላይ ለክቶ «ደህና ነው» ብሎ ይሸኛል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ትንሽ ነው፣ የደከመ ፓምፕም ያንን አያጣም። ጌጁን በረጅም ቱቦ አውጥታችሁ ከመስታወቱ ውጭ በዋይፐሩ አስይዙትና ዳገቱን ውጡ። ቲው የተገጠመበት ቦታ የማያንጠባጥብ መሆኑን ሳታረጋግጡ ግን እንዳትንቀሳቀሱ። ጌጁን ወደ መኪናው ውስጥም እንዳታስገቡት።

የአዘዞ_ልጅ
ማፉን አጽድተነዋል፣ ያን ያህል ቆሻሻ አልነበረውም፣ ለውጥም የለም። ግፊቱን ዛሬ ለካን። ጌጅ ያለው ጋራዥ ለማግኘት ብዙ ተንከራተትኩ፣ ለማንኛውም ተገኘ። ሚኒሞ ላይ 310። ዳገቱ ላይ ስረግጣት 280፣ 240፣ እያለ ወርዶ 190 ላይ ሲደርስ ታፈነች። በዓይኔ እያየሁት! እግሬን ሳነሳ ተመልሶ ወጣ። መካኒኩ አሁን «በቃ ፓምፕ ነው፣ ግዛ» አለኝ። ልግዛ?

አያ_ቁልፍ
አይ ልጄ፣ ገና ነህ። ነዳጅ እንደማይደርሳት አሁን አወቅህ፤ ለምን እንደማይደርሳት ግን አላወቅህም። ፓምፑ ራሱ ሊደክም ይችላል። ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ መብራት (ኤሌክትሪክ) ሊያንሰው ይችላል። መብራቱም ሞልቶ ፓምፑ ቤንዚን የሚስብበት ታችኛው ወንፊት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ጌጅ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚታዩት።

በዚህች መኪና የኋላ መቀመጫውን አንሳ፣ ከሥሩ ክብ ክዳን አለ። ፓምፑና ፊልትሮው አብረው እዚያ ታንኩ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ሳትፈታው ሶኬቱ ላይ ሞተሩ እየሠራ መብራቱን ለካ። ባትሪው ላይ ካለው ጋር መቀራረብ አለበት። ባትሪው 13.8 ሆኖ ፓምፑ ጋ 11 ካገኘህ ሪሌ ወይም ሽቦ ወይም ግራውንድ ነው፣ አዲስ ፓምፕ ብትገጥም እሱም ይደክማል። መብራቱ ደህና ከሆነ አውጣውና ከታች ያለውን ወንፊት እይ። እኔ እሱን ነው የምጠረጥረው። ክረምት ላይ ጀመረኝ ብለሃል፣ ነዳጅ ሲያንስ ይብስባታል ብለሃል። ውኃና ቆሻሻ ታች ነው የሚቀመጠው። ነዳጅህን ከየት ነው የምትቀዳው?

የአዘዞ_ልጅ
እውነቱን ለመናገር አያ፣ ሰልፉ ሲበዛ ከመንገድ በጄሪካን የገዛሁበት ጊዜ አለ። ሥራ መግባት ስላለብኝ ነው።

ባጃጅ_ማራኪ
ማን ያልገዛ አለ ወንድሜ። ማደያው ጋ ሰልፉ ሲያድር ምን ይደረጋል። እኛ ባጃጅ ነጂዎች ግን አንድ ነገር ለምደናል። ከመንገድ ከተገዛ መጀመሪያ ንጹህ ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ ቀድተን ግማሽ ሰዓት እናቆየዋለን። ውኃ ካለው ታች ይለያል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርገህ ንፋስ ላይ ተወው። ንጹህ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት የመሰለ ምልክት ትቶ ይቀራል። ስትቀዳም በቀጭን ጨርቅ አጥልለው፣ ዝገቱንና አሸዋውን ይይዝልሃል፣ ውኃውን ግን አይይዝም።

እህተ_ቀሃ
ባጃጅ_ማራኪ ያልከው በጣም ጥሩ ነው፣ ለተማሪዎቼም አሳያቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ቤንዚን በሃይላንድም ሆነ በጄሪካን ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፣ በተለይ ልጆችና ከሰል ባለበት። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። መኪና ይጠገናል፣ የተቃጠለ ልጅ ግን እንደ ነበረ አይመለስም።

የአዘዞ_ልጅ
ተገኘ! መቀመጫውን አንስተን መብራቱን ለካን። ባትሪው 13.9፣ ፓምፑ ጋ 13.5። ከዚያ ፓምፑን አወጣነው። ወንፊቱ ነጭ መሆን ነበረበት አሉ፣ የእኔው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጭቃ የመሰለ ነገር ለብሷል። ከታንኩ ታች በሃይላንድ ስንቀዳ ውኃው ተለይቶ ታየ፣ ዝገትም አለበት። መካኒኩ ራሱ ደነገጠ። ፓምፑን ለብቻው በንጹህ ቤንዚን ፈተንነው፣ በደንብ ይገፋል። አልገዛሁም።

ታንኩን አውርደን አጠብነው፣ አደረቅነው፣ ወንፊትና ፊልትሮ ብቻ ቀየርን። ወጪው ፓምፕ ከሚሉኝ ዋጋ ጋር አይገናኝም። ዛሬ ጌጁን ገጥመን ያንኑ ዳገት ወጣን፣ ሚኒሞ 325፣ ዳገት ላይ ከ310 አልወረደም። ትሪሙ ፕላስ 5። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ረግጫት ያለ ምንም ማመንታት ሄደች። እህቴ፣ አያ፣ ሁላችሁም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለጥምቀት ጎንደር ያላችሁ ቤቴ ኑ፣ ጠላው ተጠንስሷል።

አራዳ_ስፔር
እንኳን ደስ ያለህ። ፊልትሮው ግን ኦርጅናል መሆኑን አረጋግጠሃል? ቀጭን ወረቀት ያላቸው አሉ።

የአዘዞ_ልጅ
አዎ፣ ከአሮጌው ጋር አመዛዝነን ነው የገዛነው፣ ክብደቱም እጥፋቱም ያው ነው።

እህተ_ቀሃ
በጣም ደስ ብሎኛል ወንድሜ። ሁለት ነገር ቀርቶሃል። ኮዱን አሁን አጥፋውና ጥቂት ጊዜ ነድተህ ትሪሙን እንደገና እይ፣ ወደ ዜሮ እየቀረበ መሄድ አለበት። ጭቃው አልፎ ኢንጀክተሮቹ ጋ ደርሶ ከሆነ ሚኒሞ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይታይሃል፣ ያን ጊዜ እነሱን ማስታጠብ ነው። ሌላው፣ ታንኩን ከሩብ በታች አታድርሰው። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው፣ ባዶ ሲሆን ይግላል፣ ከታች የቀረ ዝቃጭም ካለ ያኔ ነው የሚስበው።

ጎሃ_ሥር
ይቅርታ፣ በዚሁ ክር ልጠይቅ። የእኔ ቪትዝ አውቶማቲክ ናት፣ ወደ ጎሃ ስወጣ ትደክማለች። የእኔዋ ግን አትንፈራገጥም። ጠዋት ደህና ናት፣ ከሞቀች በኋላ ነው፣ አንድ ሰው ከኋላ የያዛት ይመስላል፣ ከ3,000 አርፒኤም በላይ አልወጣም ትላለች። ከዚህ በፊት አንድ ኮይል ተበላሽቶ እየተንቀጠቀጠች ብዙ ጊዜ ተነድታለች። የእኔም ወንፊት ይሆን?

አያ_ቁልፍ
ወንፊት አይመስለኝም ልጄ። እየተንቀጠቀጠች ተነድታለች ያልከው ነው የጠቆመኝ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩን አቅልጦት መውጫው ተደፍኖ ይሆናል። ጭሱ መውጣት ካልቻለ አዲስ አየር አይገባም፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል።

ማርሚታው ጫፍ ላይ እጅህን አስጠጋና ሰው በፓርኪንግ ማርሽ አቁሟት ነዳጅ ይስጣት፣ የሚወጣው ትንፋሽ ከሌላ ቪትዝ ጋር ሲነጻጸር ደካማ መሆኑን እይ። ቫኪዩም ጌጅ ካለ 2,500 አርፒኤም ላይ ያዟት፣ መርፌው ቀስ እያለ እየወረደ ከሄደ መውጫው ተዘግቷል። ለማረጋገጥ ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈታችሁ ለአጭር ርቀት ዳገቱን ሞክሩ። በዚያች ቀዳዳ ጭሱ ሲወጣ ጉልበቷ ከተመለሰ ነገሩ አለቀ። ድምፁ ይጮኻል፣ አትደንግጡ፣ ኮድም ታበራለች፣ በኋላ ይጠፋል። በቀዳዳዋ የሚወጣው ጭስ እሳት ስለሆነ ሽቦና ጎማ ከፊቷ አርቁ፣ መስኮቱንም ክፈቱ። ሴንሰሩን ስትፈታ ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን፤ ፍም የመሰለ ከሆነ እጅህን ይበላሃል፣ ጨርሶ ከቀዘቀዘ ደግሞ ክሩ ይነቀላል።

ጎሃ_ሥር
እሺ አያ፣ ቅዳሜ ሥራ ስለማልገባ አደርገዋለሁ። ቫኪዩም ጌጅ ያለው ጋራዥ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።